የትኛዋ አማት ነሽ?

ሚርሲኒ ሲዘፈዘፍ ያደረውን ሽንብራ ወደ ድስት እየገለበጠች ሳለ የእትዬ ስታማታ ሬዲዮ በረንዳውን ተሻግሮ ወጥ ቤቷ ገባ። መግባቱስ ዘወትር ይገባል። በእኛ በፔራማ፣ በዚህ የግሪክ መርከብ ጠጋኞች ሰፈር፣ የአንዱ ሬዲዮ የሁሉም ነው፤ የአንዱ ጠብም እንደዚያው። ቅዳሜ ቀትር ላይ ዜና የሚያዳምጥ ግን ከእትዬ ስታማታ በቀር የለም። እሷም ብትሆን የምትፈልገው የአየሩን ሁኔታ ነው፤ ልብስ ማስጣት አለማስጣቷን ለመወሰን።

«...ሕንድ ውቅያኖስ ላይ በነበረ አንድ እህል ጫኝ መርከብ የሞተር ክፍል ውስጥ እሳት ተነስቶ...»

የመርከቡ ስም ተጠራ። የሚርሲኒ እጅ ሽንብራው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

እሳቱ ጠፍቷል አለ ዜና አንባቢው። የተጎዱ አሉ አለ። አንድ መርከበኛ ሞቷል፤ ቤተሰቡ እስኪረዳ ድረስ ስሙ አይነገርም አለ። ከዚያ ከሰዓት ዝናብ እንደሚጥል ተናገረና ሙዚቃ ተከተለ።

የምትወደው ስትራቶስ የዚያ መርከብ ሁለተኛ መሐንዲስ ነው። ሥራው ሞተር ክፍል ውስጥ ነው።

«ሚርሲኒ! አንቺ ልጅ፣ አለሽ?» አለች እትዬ ስታማታ ከበረንዳዋ።

«አለሁ።»

«ሰማሽ እንዴ?»

«ሰማሁ።»

«ምንም አልተባለም እኮ! ስም አልጠሩም፤ ስም ካልጠሩ ምንም አልተባለም። መርከብ ላይ ስንት ሰው አለ! ቡና ላፍላልሽ? ልምጣ?»

«አይ፣ አትምጪ።»

«እሺ። በሩን ግን እንዳትቆልፊው።»

ሚርሲኒ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ መርከብ ድርጅቱ ደወለች። ስልኩ ተይዟል። ደግማ ደወለች፤ አሁንም ተይዟል። ቢነሳስ ምን ልትል ነው? መርዶ የሚነገረው ለቤተሰብ ነው። እሷ ሚስቱ አይደለችም፤ ቀለበት እንኳ አላሰሩም። ቢሞት ለእናቱ ይነገራል። እናቱ ደግሞ ለእሷ የሚነግሩ ሴት አይደሉም። እንግዲህ ሰው ሁሉ ሰምቶ ካበቃ በኋላ በጎረቤት ሬዲዮ ልትሰማ ነው። እሱ ሞቶ ሳለ እሷ ሳታውቅ ሽንብራ እየቀቀለች ልትውል ነው። ይህን ስታስብ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለች።

*

ነገሩን ላላወቃችሁ ከመነሻው ላውራችሁ።

ሚርሲኒ በቀልድ የምትኖር ልጅ ናት። ሰው በስልኩ እየሞላ የሚስቅባቸውን የባሕርይ ፈተናዎች ለአንድ ድረ ገጽ የምታዘጋጀው እሷ ናት። «በመጥፎ ቀንህ የትኛው ሾርባ ነህ?» ትላለች። ሰውየው የማይረቡ ጥያቄዎች ይመልስና «አንተ ቆስጣ በሩዝ ነህ፤ ሲያዩህ ምንም አትመስልም፣ በማግሥቱ ግን ትጣፍጣለህ» ይባላል። ከሥሩ የቆስጣ በሩዙ አሠራር ይከተላል፤ አንድ እስር ቆስጣ፣ አንድ ጭብጥ ሩዝ፣ የወይራ ዘይት፣ ሎሚ፣ ካለ እንስላል፣ ከሌለ ይቅር። ኪሱ የሳሳ ሰው ሁሉ ሚርሲኒን ያውቃታል። እኔም ከእሷ የተማርኩትን የአደንጓሬ ሾርባ ስሠራ እናቴ የሠራችው ይመስለኛል።

ስትራቶስን ያመጣው «የትኛው የድሃ ወጥ ነህ?» የሚለው ፈተና ነው። መርከብ ላይ ሥራ ፈትቶ ሞላው፤ ባሚያ ነህ ተባለ። ባሚያ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ አይወድም። ከባሕር መሐል ይግባኝ ጻፈ።

«እኔ ባሚያ አይደለሁም። ጉዳዬ እንደገና ይታይልኝ።»

«ባሚያ ነኝ ብሎ ያመነ ባሚያ እስካሁን አላጋጠመኝም» ስትል መለሰችለት።

በዚያው ተጀመረ። ከወራት በኋላ መርከቡ ፒሬየስ ወደብ ሲገባ በቀጥታ ወደ ፔራማ መጣ። ባሚያ በቲማቲም ሠርታ ጠበቀችው። ሰሃኑን ጠርጎ በላ፤ ዓይኑን ግን ከእሷ ላይ ለአፍታም አላነሳም። እኔ እንደሚመስለኝ የበላው ባሚያ መሆኑን እንኳ አላስተዋለም።

ችግሩ እናቱ ናቸው። ወይዘሮ ካሊሮይ የካፒቴን ልጅ፣ የካፒቴን ባለቤት የነበሩ፣ ካስቴላ ኮረብታ ላይ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ቤት ያላቸው ሴት ናቸው። ሚርሲኒ የመርከብ በያጅ ልጅ ናት። ለካስቴላ ሰዎች ፔራማ መርከብ የሚጠገንበት እንጂ ልጅ የሚዳርበት ሰፈር አይደለም። ስትራቶስ ይዟት የሄደ ዕለት ዝናብ ነበር። ሴትየዋ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠው ከሰዓቱን ሙሉ የልጅቱን ጫማ ሲያዩ ዋሉ። ጫማዋን ብቻ!

ሚርሲኒ ተቃጥላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ስትቃጠል የምታውቀው አንድ ነገር ነው። «የትኛዋ አማት ነሽ?» የሚል ፈተና አወጣች። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ልጅሽ የሚወዳትን ይዞ ሲመጣ ቀድመሽ የምታዪው ምኗን ነው? ዓይኗን፣ እጇን ወይስ ጫማዋን? የሚል ነበር። ጫማዋን ያለች፣ «አንቺ ኮምጣጤ የበዛበት ምስር ነሽ፤ ለጤና ትጠቅሚያለሽ፣ ፊት ግን ታስጨማድጃለሽ» ትባላለች። ሴቱ ሁሉ እየሳቀ ተቀባበለው። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ የካስቴላ ሴቶች ስልካቸውን ሲያሳዩ ወይዘሮ ካሊሮይም አዩት። ያን ጊዜ ነው «ደጃፌን እንዳትረግጥ» ያሉት።

ስትራቶስ ከእናቱ ጋር ተጣልቶ ተሳፈረ። ሚርሲኒ ግን ንዴቷ አልበረደላትም፤ «እናትህ እስኪቀበሉኝ ድረስ አትጻፍልኝ» ብላ ጻፈችለት። መልስ አልመጣም። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሌላም ሳምንት። እናቱን መረጠ ማለት ነው፣ እሰየው፣ ይምረጥ፣ እያለች ቆየች። አሁን ወለሉ ላይ ተቀምጣ የምታስበው ያንኑ ቃል ነው። «አትጻፍልኝ» የሚለው የመጨረሻ ቃሏ ሆኖ ቢቀርስ?

*

ዝናቡ ጀመረ። ድረ ገጹ «የማታው ፈተና የት ደረሰ?» የሚል መልእክት ላከባት። ሰዎቹ ምን ያውቃሉ፣ ቀልዳቸውን ነው የሚፈልጉት። ሥራ ይሻላል ብላ ስልኳን አነሳች። «ስትፈራ ምን ታበስላለህ?» ብላ ጻፈች። ከሥሩ የሚያስቅ ምርጫ ልትጨምር ፈለገች። «ሽንብራ» ጻፈች። ሌላ ምንም አልመጣላትም። ጽሑፉን አጠፋችው።

የሽንብራው አረፋ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲንጫጫ በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ስታማታ መሰለቻት። ስትከፍት ግን ደጃፉ ላይ የቆሙት ወይዘሮ ካሊሮይ ናቸው። ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፤ ቁልፉ ተዛንፎ ነው የተቆለፈው። ፀጉራቸው ረጥቦ ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል።

«ሚርሲኒ» አሉ።

«እትዬ ካሊሮይ።»

ሚርሲኒ ክው ብላ ቀረች። ደጃፌን እንዳትረግጥ ያሉ ሴት በዝናብ ፔራማ ድረስ የሚመጡት ለምንድን ነው? ያውም ጥቁር ለብሰው? መልሱ አንድ ነው። ሊያረዱኝ መጡ፤ ደውለውላቸዋል፤ ስሙ ተጠርቷል።

አልጠየቀችም። እኔ ብሆንም አልጠይቅም ነበር። እስካልጠየቀች ድረስ ስትራቶስ አልሞተም። «ይግቡ፤ ይቀመጡ» አለችና ወደ ምድጃው ዞረች። የሴትየዋ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል፤ ብርድም ይሁን ሌላ። የሚያሞቅ ነገር ልስጣቸው አለች። ቡና ለማፍላት ትንሿን ማንቆርቆሪያ ጣደች፤ ስኳሩን ረሳችው። ለኬክ የምትጨምረውን ኮኛክ ከቁም ሳጥን አውጥታ በትንሽ ብርጭቆ ቀዳች። ቤት ውስጥ ብስኩት የለም፣ ያለው የገብስ ደረቅ ዳቦ ነው፤ እሱኑ በሰሃን አደረገች። ሁሉንም በትሪ ይዛ መጣች።

ወይዘሮ ካሊሮይ ትሪውን አዩ። ከወንበሩ ተነሱ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ።

«መቼ ነገሩሽ?» አሉ።

«ምኑን?»

«ለእናቱ ሳይነግሩ? እኔ እየደወልኩ፣ እኔ ስልኩ ላይ ተጥጄ ውዬ፣ ላንቺ ነገሩሽ?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጄን! ልጄን! ወይኔ ስትራቶስ!»

ሚርሲኒ በቁሟ ቀዘቀዘች። «ምን... ምን ማለትዎ ነው? እኔ ምንም አልሰማሁም! እርስዎ ነዎት እንጂ ሊነግሩኝ የመጡት!»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ወደ እጇ ጠቆሙ።

የያዘችውን ትሪ ያየችው ያን ጊዜ ነው። ስኳር የሌለው ቡና፣ ኮኛክ፣ ደረቅ ዳቦ። በእኛ ዘንድ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ የሚቀርቡት ከመቃብር ለተመለሰ ሐዘንተኛ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። የስትራቶስ መሞት ሳይነገር ለእናቱ አቅርባዋለች።

«ስኳሩን ረስቼው ነው!» ብላ ጮኸች። «እትዬ ካሊሮይ፣ ስኳሩን ረስቼው ነው! ዳቦውም ሌላ ስለሌለኝ ነው! በእናቴ እምላለሁ፣ ማንም ምንም አልነገረኝም! እርስዎስ? እርስዎስ ለምን ጥቁር ለበሱ?»

ሴትየዋ ካፖርታቸውን ቁልቁል አዩት፤ ገና አሁን ማየታቸው ነው።

«ከበር ኋላ የተሰቀለውን ነው ያነሳሁት» አሉ ቀስ ብለው። «የቱ እንደሆነ አላየሁም።»

ሚርሲኒ ትሪውን ይዛ ሮጠች። ቡናውንም ኮኛኩንም ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው፤ ዳቦውን በመስኮት ወረወረችው። ሁለቱም አማተቡ። ከዚያ ወይዘሮ ካሊሮይ ወንበሩን አንስተው ተቀመጡና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ላንቺ ጽፎልሽ ይሆናል ብዬ ነው የመጣሁት» አሉ። «ለእኔ ከሄደ ጀምሮ መስመር አልጻፈልኝም። ለሷ ግን ይጽፋል፣ ጧት ደህና ነኝ ብሏት ይሆናል፣ እግሯ ላይ ወድቄ እጠይቃታለሁ አልኩ።»

«ለእኔም አልጻፈም። እርስዎ እስኪቀበሉኝ እንዳትጽፍልኝ ብዬው ነበር።»

ተያዩ። እያንዳንዳቸው ልጁ በሌላይቱ እጅ ነው ብለው ሲናደዱ ከርመዋል፤ በማናቸውም እጅ አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ባሕር መሐል ብቻውን ነበር። ሚርሲኒ ይህ ከሁሉ ይልቅ አስፈራት።

*

መጠበቅ ክፉ ነው። የድርጅቱ ስልክ እንደተያዘ ነው። ወይዘሮ ካሊሮይ ተነስተው የምድጃውን እሳት ቀነሱት።

«እንዲህ እየፈላ ሽንብራው ቅርፊቱን ይጥላል» አሉ። «ሽንኩርት የለሽም? ስጪኝ ልክተፍ። እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም።»

ሰጠቻቸው። ከተፉ። ዓይናቸው ሲያለቅስ ሽንኩርቱን ረገሙት፤ ሚርሲኒም ሽንኩርቱ ነው ብላ ያመነች መሰለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሴትየዋን የረጠበ ጫማ አወለቀችና የአባቷን የቤት ጫማ አጠለቀችላቸው። ወይዘሮ ካሊሮይ ቢላዋውን አቆሙ።

«አየሽ፣ አንቺ አደረግሽው» አሉ።

«ምኑን?»

«ያን ዕለት ጫማሽ ረጥቦ ነበር። የቤት ጫማ ላምጣላት? ባመጣላት ወለሌን አታቆሽሺ ያልኳት ይመስላታል፤ ባላመጣላት ብርድ ይመታታል እያልኩ ከሰዓቱን ሙሉ ስጨነቅ ዋልኩ። ከዚያ በማግሥቱ ምስር አደረግሽኝ።»

ሚርሲኒ መሬት ላይ እንደተንበረከከች ፊቷ ቀላ። «ሞሉት እንዴ?»

«ሞሉት? ደጋግሜ ነው የሞላሁት! እየዋሸሁ ሁሉ ሞላሁት። ዓይኗን ነው የማየው አልኩ። ምግቧን አሞግሳለሁ አልኩ። አሁንም ምስር! ኧረ ምን ዓይነት ፈተና ነው እናንተዬ፣ ሰው ይሻሻላል አይልም?»

ሚርሲኒ ሳቋ አመለጣት። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት። ራሷን የሴትየዋ ጭን ላይ ጣለች። «ይቅር ይበሉኝ» አለች። ሴትየዋ በሽንኩርት እጃቸው ፀጉሯን ነኩት። በዚያች ቅጽበት፣ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል፣ ሁለቱም ትንሽ ሞቃቸው።

ስልክ ጮኸ።

የጮኸው ከወይዘሮ ካሊሮይ ቦርሳ ውስጥ ነው። ማናቸውም አልተንቀሳቀሱም። እንደገና ጮኸ።

«ድርጅቱ ነው» አሉ ሴትየዋ። «አንቺ አንሺው።»

«እኔ? እርስዎ ነዎት እናቱ!»

«እጄ ሽንኩርት ነው። በሞቴ አንሺው፤ እጄ ሽንኩርት ነው አልኩሽ!»

ምክንያቱ እጃቸው አልነበረም። ሚርሲኒ ስልኩን አወጣች፤ ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ወይዘሮ ካሊሮይ ነዎት?» አለ አንድ ሰው።

«አይደለሁም፤ አጠገቤ ናቸው።»

«ይቅርታ፣ ማን ልበል? የምንናገረው ለቤተሰብ ብቻ ነው። ለሁለተኛው መሐንዲስ ምኑ ነዎት?»

ጓደኛው ነኝ ብትል ስልኩ ሊዘጋ ነው። ሌላ ነገር እንዳትል እናቱ ፊት ለፊቷ ናቸው። የሚርሲኒ ሕይወት በዚያች ጥያቄ ላይ ቆሞ ሳለ ሴትየዋ የእጇን አንጓ ጥብቅ አድርገው ያዙት።

«ምራቴ ናት!» ብለው ስልኩ ላይ ጮኹ። «ሰማህ? ምራቴ ናት! ምን ትመረምራታለህ፣ ንገራት!»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። ያቺ ጉሮሮ መጥረጊያ ጊዜ ስንት ዓመት እንደፈጀች ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

«በሕይወት አለ» አለ። «እጆቹ ተቃጥለዋል፤ ጭስም ስቧል። ወደ ሌላ መርከብ ተዛውሮ ሐኪም እያየው ነው። ወደብ ሲደርስ ያነጋግራችኋል።»

«አለ» አለች ሚርሲኒ። «አለ! እትዬ ካሊሮይ፣ አለ!»

«ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ» አሉ ሴትየዋ፤ ግን ደጋግማ እንድትልላቸው እጇን ይነቀንቁ ነበር። ሚርሲኒም ደጋገመችላቸው። ስትራቶስ አለ። ያ ባሚያ የማይወድ፣ ያ ይግባኝ ባይ፣ የእሷው ስትራቶስ በሕይወት አለ! ደስታው ደረቷን ሊፈነቅለው ደረሰ።

ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ያዛትና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«የሞተውስ ማነው?»

«ይቅርታ አድርጉልኝ። ቤተሰቡ ገና አልተረዳም። አሁን ልደውልላቸው ነው» አለና ዘጋ።

የሆነ አገር፣ የሆነ ቤት ውስጥ፣ አንድ ስልክ ገና አልጮኸም። ሚርሲኒ ያ ስልክ ሲጮህ የምትሰማው መሰላት።

«እናት አለችው ይሆን?» አሉ ወይዘሮ ካሊሮይ።

«አላውቅም።»

«እኔ እኮ ለእመቤታችን ተስዬ ነበር። በመንገድ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ። የሌላ ሰው ልጅ ይሁን ብዬ።» ድምፃቸው በግድ ነው የሚሰማው። «እንደዚህ ተብሎ ይለመናል?»

«እኔም ለምኛለሁ» አለች ሚርሲኒ። «እዚሁ ወለሉ ላይ ሆኜ።»

ሁለቱም አለቀሱ፤ ለማያውቁት ሰው። ያ ለቅሶ ከቀድሞው ይልቅ ረዘመ። በረንዳ ላይ እትዬ ስታማታ «ምን ሆናችኋል? ልግባ?» እያለች ትጮሃለች።

«ዛሬ ወደ ካስቴላ አልመለስም» አሉ በመጨረሻ ወይዘሮ ካሊሮይ። የካፒቴን ልጅ፣ የካፒቴን ሚስት ሆነው ኖረው በሕይወታቸው ብለውት የማያውቁትን ቃል ያን ጊዜ አሉት። «እፈራለሁ፣ ልጄ። ዳግመኛም ይሄዳል። ሥራው ነው፤ እጁ ሲድን ይሄዳል። እኔ እፈራለሁ።»

«እኔም እፈራለሁ፣ እማዬ» አለች ሚርሲኒ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ አላስተዋለችውም። ወይዘሮ ካሊሮይ ግን ሰሙት። የያዙትን እጇን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።